ከማዕዱ ያልቀረቡት

ጊዜው 1790 ዓ.ም.፣ ወሩ ጁን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ስለ አዲስ አበባ ከተነገረው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሜይደን ሌን በሚባል መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ቤት ነው። ባለቤቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጄፈርሰን እንግዶች ጠርቷል። አንደኛው የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ነው። ሌላው ከቨርጂኒያ የተመረጠው የምክር ቤት አባል ጄምስ ማዲሰን ነው። ሃሚልተንና ማዲሰን በዚያ ሰሞን ዓይንና ናጫ ነበሩ። ጄፈርሰን የጋበዛቸው በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እንዲስማሙ ብሎ ነው።

ጸቡ ስለ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ዕዳ ነው። ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት በተደረገው ጦርነት ግዛቶቹ በየፊናቸው ብዙ ገንዘብ ተበድረው ነበር። ሃሚልተን ይህን 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ዕዳ አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ይሸከመው አለ። ቨርጂኒያ ግን ከዕዳዋ ብዙውን ከፍላ ስለ ነበር፣ “የሌላውን ዕዳ ለምን እንከፍላለን?” ብላ እንቢ አለች። ሁለተኛው ጉዳይ ዋና ከተማ ነው። የሰሜን ሰዎች በሰሜን፣ የደቡብ ሰዎች በደቡብ እንዲሆን ይሻሉ።

ጄፈርሰን በኋላ ዘመን ጽፎ እንዳስቀመጠው፣ መፍትሔው የተገኘው በዚያ ማዕድ ላይ ነው። የደቡብ ሰዎች የዕዳውን ሕግ እንዲያልፍ ይለቁታል፤ በምትኩ ዋና ከተማው በደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይሆናል። በጁላይ 16 ቀን 1790 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የዋና ከተማውን ሕግ ፈረመ። በኦገስት 4 ደግሞ የዕዳው ሕግ ተፈረመ። ከተማው እስኪሠራ ድረስ ፊላደልፊያ ለ10 ዓመት መቀመጫ ሆነች።

የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ማዕድ ብቻውን ምን ያህል እንደወሰነ ይከራከራሉ። ስምምነቱ ግን አገሪቱን ከመሰንጠቅ አድኗት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማዕዱን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ሁልጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ በዚያ ማዕድ ላይ ያልነበረው ማን ነው?

ወታደር የከበበው ምክር ቤት

አሜሪካኖች “ከግዛት ሁሉ የተለየ ከተማ ያስፈልገናል” ወደሚለው አሳብ እንዲሁ አልደረሱም። በጁን 1783 ደመወዛቸው ያልተከፈላቸው 400 ያህል ወታደሮች ፊላደልፊያ ውስጥ ኮንግረሱ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ከበቡ። ኮንግረሱ የራሱ ዘብ አልነበረውም። የፔንሲልቫኒያን ግዛት መንግሥት “ሚሊሺያችሁን ጠርታችሁ ከዚህ አድኑን” ብሎ ለመነ። የግዛቱ መሪዎች ግን አልጠሩም። የአገር መንግሥት የተባለው አካል ከተማውን ጥሎ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ፕሪንስተን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። ከዚያም ወደ አናፖሊስ፣ ወደ ትሬንተን፣ በመጨረሻም ወደ ኒው ዮርክ ተዘዋወረ።

ይህ ውርደት አልተረሳም። በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1፣ ክፍል 8 ላይ ለፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ የሚሆን፣ ጎኑ ከ10 ማይል የማይበልጥ አራት ማዕዘን መሬት እንዲኖርና ኮንግረሱ በዚያ ላይ ብቸኛ ሕግ አውጪ እንዲሆን ደነገገ። አሳቡ ግልጽ ነው። ዋና ከተማው በአንድ ግዛት እጅ ከሆነ፣ ያ ግዛት የሌሎቹን ሁሉ መንግሥት ጉሮሮ ይዞ መኖሩ ነው። ቤቱ የሁሉም እንዲሆን የማንም መሆን የለበትም።

ማዲሰን ሕገ መንግሥቱን ደግፎ በጻፈው በአንዱ ጽሑፉ፣ የዚያ ወረዳ ነዋሪዎች ምን ይሆናሉ የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ለከተማ ጉዳያቸው በድምፃቸው የሚመርጡት የራሳቸው ምክር ቤት እንደሚኖራቸው እንደማያጠራጥር ነገር ቈጠረው። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አልገባም። ታሪኩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ክፍተት ነው።

ከተማይቱን የሠሩ እጆች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መሬት ሰጡ። በ1791 ፒየር ሎንፎን የተባለ በፈረንሳይ የተወለደ መሐንዲስ የከተማይቱን ንድፍ አወጣ። ድንበሯን የለካው አንድሩ ኤሊኮት ነው። ከእርሱ ጋር ሲለኩ ከነበሩት አንዱ ቤንጃሚን ባነከር ይባላል። ባነከር በነፃነት የተወለደ ጥቁር ሰው ሲሆን፣ የሒሳብና የከዋክብት ትምህርትን በራሱ ጥረት የተማረ ነው። በዚያው ዓመት ራሱ ያዘጋጀውን የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ከደብዳቤ ጋር ለጄፈርሰን ላከ። ደብዳቤው፣ ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን በነፃነት አዋጅ ላይ የጻፈ ሰው እንዴት ሰዎችን በባርነት ይይዛል የሚል ነበር። ጄፈርሰን በትሕትና መለሰለት፤ ባሪያዎቹን ግን አልለቀቀም።

የፕሬዚዳንቱ ቤት የመሠረት ድንጋይ በ1792፣ የኮንግረሱ ሕንፃ የካፒቶል ደግሞ በ1793 ተቀመጠ። ግንበኛና አናጢ ከአውሮፓም መጥቷል። ዛፉን የጣሉት፣ መሬቱን የቆፈሩት፣ ጡብ የሠሩትና ከአኪያ ክሪክ የድንጋይ ካባ ድንጋይ የፈለጡት ግን ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። የከተማው ሥራ ኃላፊዎች ከጌቶቻቸው ይከራዩዋቸው ነበር። ደመወዙን የሚቀበለው ጌታቸው ነው።

በኖቬምበር 1800 ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ገና ባልተጠናቀቀው ቤት ገባ። ኮንግረሱም በካፒቶል ተሰበሰበ። በዚያ ዓመት ቆጠራ በመላው ወረዳ የነበረው ሕዝብ 14 ሺህ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ የሚሆኑት ባሪያዎች ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1801 ኮንግረሱ ወረዳውን በቀጥታ በእጁ ያደረገበትን ሕግ አወጣ። እስከዚያ ቀን የጆርጅታውን ሰው የሜሪላንድ፣ የአሌክሳንድሪያ ሰው የቨርጂኒያ መራጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የየትኛውም ግዛት ዜጋ አልሆነም። ለኮንግረስ የሚመርጠው ሰው የለም፤ ፕሬዚዳንት መምረጥም አይችልም። ቤቱን ሳይለውጥ፣ ወንጀል ሳይሠራ፣ ድምፁን አጣ። አገሪቱ “ያለ እንደራሴ ግብር አንከፍልም” ብላ ከተዋጋች ገና 20 ዓመት ቢሆናት ነው።

ነፋስ ያልረዳት መርከብ

ከማዕዱ ያልቀረቡት እንግዲህ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ድምፁን የተነጠቀ ነዋሪ ነው። ሌላው ከመጀመሪያውም እንደ ሰው ያልተቆጠረው ባሪያ ነው። ዋሽንግተን የሁሉም ግዛቶች ከተማ በመሆኗ የደቡቡም የባሪያ ንግድ በውስጧ ሱቅ ከፈተ። በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ከካፒቶል ብዙም በማይርቅ መንገድ ይነዱ ነበር።

በኤፕሪል 1848 ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን አውርደው ሪፑብሊክ መመሥረታቸው በዋሽንግተን አደባባይ በችቦና በንግግር ተከበረ። ትልልቅ ሰዎች ስለ ነፃነት ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 15 ሌሊት፣ 77 ባሪያዎች ፐርል በምትባል የሸራ መርከብ ተሳፍረው በፖቶማክ ወንዝ ወደ ነፃው ሰሜን ለማምለጥ ሞከሩ። ከእነርሱ መካከል ሜሪና ኤሚሊ ኤድመንሰን የሚባሉ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ እኅትማማቾች ከወንድሞቻቸው ጋር ነበሩ። መርከቧ ወንዙን ወርዳ ከባሕሩ ወሽመጥ ስትደርስ ነፋሱ ፊቷን መታት፤ መልሕቅ ጥላ መጠበቅ ግድ ሆነ። ጌቶቻቸው በእንፋሎት መርከብ ተከትለው ደረሱባቸው። ሁሉም ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ። ብዙዎቹም ለነጋዴ ተሸጡ።

የልጃገረዶቹ አባት ፖል ኤድመንሰን ነፃ ሰው ነበር፤ እናታቸው ግን ባሪያ ስለ ነበረች ልጆቹም በሕጉ መሠረት ባሪያዎች ናቸው። ነጋዴው ለሁለቱ 2,250 ዶላር ጠየቀ። አባትየው ወደ ኒው ዮርክ ወጣ። በዚያም ሄንሪ ዋርድ ቢቸር የተባለው ሰባኪ ጉዳዩን በምእመናን ፊት በመቆርቆር አቀረበ። ሰዎች ከኪሳቸው አዋጡ፤ ገንዘቡ ሞላ፤ በኖቬምበር 1848 ሁለቱም ነፃ ወጡ። ኋላም ትምህርት ቤት ገቡ፤ በባርነት ላይ በተጠሩ ስብሰባዎችም ላይ ቆሙ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል፤ ቆም በዪ። የአማኞቹ መዋጮ ሁለት ሕይወት አትርፏል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መርከቧ ላይ የነበሩት ግን 77 ናቸው። በከተማይቱ ውስጥ የቀሩትማ ብዙ ናቸው። ለእነርሱ የሚያስፈልገው መዋጮ ሳይሆን ሕግ ነበር። ያን ሕግ ማውጣት የሚችለው ኮንግረሱ ብቻ ነው። ለኮንግረሱ ደግሞ የከተማይቱ ሰው ምንም አይደለም፤ አይመርጠውምና አይፈራውም።

ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ

በፌዴራል ሥርዓት ሥልጣን የተከፋፈለ ነው። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ባርነት የየግዛቱ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ኮንግረሱ ገብቶ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን ባሪያ ነፃ ማውጣት አይችልም ነበር። በዋሽንግተን ግን በመካከል የሚከለክለው ግዛት የለም። የከተማይቱን ሰው ድምፅ ያሳጣው ያው አንቀጽ፣ ኮንግረሱ በአንድ ቀን ባርነትን እንዲሽር ሥልጣን ይሰጠዋል።

ይህ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። በ1846 የአሌክሳንድሪያ ሰዎች ወረዳውን ለቅቀው ወደ ቨርጂኒያ እንዲመለሱ የፈለጉበት አንዱ ምክንያት፣ ኮንግረሱ የባሪያ ንግዳቸውን ይዘጋብናል የሚል ፍርሃት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት ሁሉ ተመለሰ። ዛሬ በካርታ ላይ የምናየው ወረዳ አንድ ጎኑ የተገመሰ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በ1850 የባሪያ ንግድ በዋሽንግተን ታገደ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የባሪያ ግዛቶች እንደራሴዎች ብዙዎቹ ከኮንግረሱ ወጡ። በኤፕሪል 16 ቀን 1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በዋሽንግተን ባርነትን የሚሽረውን ሕግ ፈረመ። ታላቁ የነፃነት አዋጅ የወጣው ከዚህ ስምንት ወር ተኩል በኋላ ነው። ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። ካሳው ግን የተከፈለው ለጌቶቻቸው ነው፤ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ድረስ።

በዚያ ቀን ነፃ ከወጡት አንዱ ፊሊፕ ሪድ ነው። በካፒቶል ጉልላት አናት ላይ የቆመችው የነሐስ ሐውልት ስትቀለጥና ስትሠራ ከደከሙት ሠራተኞች መካከል ነበረ። የሐውልቷ ስም “ነፃነት” ነው። ሪድ ሲሠራት ባሪያ ነበረ፤ ለራሱ የሚከፈለውም የእሑድ ሥራው ብቻ ነው። በዲሴምበር 1863 ሐውልቷ ጉልላቱ ላይ ስትወጣ ግን ነፃ ሰው ነበረ።

ከላይ የተሰጠ፣ ከላይ የተወሰደ

በ1867 ኮንግረሱ፣ የፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን እንቢታ ሽሮ፣ ለዋሽንግተን ጥቁር ወንዶች በከተማው ምርጫ የመምረጥ መብት ሰጠ። በአገሪቱ ሁሉ ይህ መብት በሕገ መንግሥት ከመጽናቱ በፊት ነው። ጥቁሮች መረጡ፤ ተመረጡም።

ደስታው ግን አልቆየም። ከተማይቱ መንገድና የውኃ መውረጃ በብርቱ ስትሠራ ቆይታ ዕዳ ውስጥ ገባች። ዕዳውም፣ ጥቁሮች መምረጣቸውን ከማይወዱ ሰዎች ቁጣ ጋር ሆኖ፣ ምክንያት ተደረገ። በ1874 ኮንግረሱ የከተማውን የተመረጠ አስተዳደር አፈረሰ። ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ያስተዳድሩ ጀመር። ጥቁሩም ነጩም አብሮ ድምፁን አጣ። ይህ 100 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ። በዚያ ዘመን ስለ ዋሽንግተን ሰው ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የሚወስኑት ከሩቅ ግዛት የመጡ የኮንግረስ ኮሚቴዎች ናቸው። በ1940ዎቹ የሴኔቱን የከተማ ጉዳይ ኮሚቴ ይመራ የነበረው ቲዎዶር ቢልቦ የተባለ የሚሲሲፒ ሴናተር፣ ጥቁሮችን በመጥላቱ የታወቀ ሰው ነበር። የከተማይቱ ነዋሪ ግን ሊያወርደው አይችልም፤ የመረጠው ሚሲሲፒ ነውና።

በፌዴራል ከተማ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ትምህርት የማየው እዚህ ላይ ነው። በ1862 ከላይ የመጣው ነገር መልካም ነበር፤ በ1874 ከላይ የመጣው ክፉ ነበር። የመጡበት በር ግን አንድ ነው። በራስ ድምፅ ያልተያዘ መብት የሰጪው እንጂ የተቀባዩ ገንዘብ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት እያለ ተመለሰ። በ1961 የጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የዋሽንግተን ሰዎች ፕሬዚዳንት እንዲመርጡ ፈቀደ፤ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። በ1971 በተወካዮች ምክር ቤት የሚናገር፣ ነገር ግን በሕግ ማጽደቅ ላይ ድምፅ የማይሰጥ ተወካይ ላኩ። እርሳቸውም በ1963ቱ ታላቅ የሲቪል መብት ሰልፍ አስተባባሪዎች አንዱ የነበሩት የባፕቲስት ፓስተር ዋልተር ፎንትሮይ ናቸው። በ1973 የከተማ አስተዳደር ሕግ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ነዋሪዎቹ ከንቲባና ምክር ቤት መረጡ።

ይህም ቢሆን ኮንግረሱ የከተማውን ሕግ የመሻርና በበጀቱ የመግባት ሥልጣኑን አልለቀቀም። በ2023 የከተማው ምክር ቤት ያወጣውን አዲስ የወንጀል ሕግ ሽሮታል። ሕጉ ጥሩ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ሌላ ነው። በሽረቱ ላይ ድምፅ ከሰጡት መካከል ግን በዋሽንግተን ሰው የተመረጠ አንድም አልነበረም።

ከተማ የማን ናት?

በ2020 ቆጠራ ዋሽንግተን 689,545 ሰዎች ነበሩባት። ዋዮሚንግ የተባለው ግዛት 576,851 ሰዎች አሉት፤ ሁለት ሴናተሮችና አንድ የምክር ቤት አባልም አለው። የዋሽንግተን ሰው የፌዴራል ግብር ይከፍላል፤ ልጁ በጦርነት ይሞታል፤ በሴኔት ግን የሚቆምለት የለም። በከተማው መኪናዎች ታርጋ ላይ ከ2000 ጀምሮ ያለ ውክልና ግብር መክፈላቸውን የሚናገር ጽሑፍ አለ። በ2016 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 85 በላይ የሚሆኑት መራጮች ከተማይቱ ግዛት እንድትሆን ድምፅ ሰጡ። የተወካዮች ምክር ቤት ይህን በ2020 እና በ2021 አጸደቀው፤ በሴኔት ግን አላለፈም።

የሚቃወሙት ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ፣ መሥራቾቹ የሁሉም የሆነ ቦታ የፈለጉት በ1783 ያዩትን አይተው ነው፤ ይህን ማፍረስ አይገባም ይላሉ። ሌሎቹ መኖሪያ ሰፈሮቹ ወደ ሜሪላንድ ይመለሱ ይላሉ። የከተማው መራጭ በአብዛኛው የአንድ ፓርቲ ደጋፊ በመሆኑ፣ ሁለት ሴናተሮች ሚዛኑን ያዛባሉ ብለው የሚሰጉም አሉ።

ሌሎች ፌዴሬሽኖች ግን ይህን ቋጠሮ በሌላ መንገድ ፈተውታል። አውስትራሊያም ካንቤራን ስትመሠርት ከግዛቶች የተለየ መሬት ከለለች፤ የካንቤራ ሰው ግን ዛሬ ሁለት ሴናተሮች አሉት። የብራዚሊያ ፌዴራል ወረዳ እንደ ማንኛውም የብራዚል ግዛት ሦስት ሴናተሮች ይልካል። የናይጄሪያዋ አቡጃ አንድ ሴናተር አላት። በርሊን ራሷ ግዛት ናት።

የእኛዋ አዲስ አበባም የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ ናት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ስለ እርሷ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይናገራል፤ ነዋሪው ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው፤ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ልዩ ጥቅምም ይጠበቃል። ነዋሪው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደራሴዎች እንዲኖሩትም ይደነግጋል። እነዚህን አብሮ ማስኬድ ቀላል እንዳልሆነ ዛሬ ሁላችን እናውቃለን። ቢሆንም የዋሽንግተን ሰው ከ1801 ጀምሮ የጠየቀውን አንዱን ነገር፣ በአገር ምክር ቤት ውስጥ የሚቆጠር ድምፅን፣ የአዲስ አበባ ሰው በሕግ ይዞታል።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት፣ መሥሪያ ቤቶቿ ዋና ዋና ጽሑፎችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ ያለው ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ከንቲባውን ይመርጣል፤ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ የሚኖረው እኅቱ ወይም ወንድሙ ግን ሴናተርም ይመርጣል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ድልድይ ነው።

ስለ ዋና ከተማ ስንከራከር ብዙ ጊዜ “የማን ናት?” ብለን እንጀምራለን። የሁሉም ናት፣ የዚህ ናት፣ የዚያ ናት እንላለን። በ1790 በማዕዱ የተቀመጡትም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ መልሳቸውም ሰሜንና ደቡብን አስታርቋል። በፖቶማክ ዳር ስለሚኖረው ሰው፣ ስለ ድንጋይ ፈላጩም ስለ ገበሬውም፣ በዚያ ማዕድ የተነሣ ነገር ጄፈርሰን አልጻፈም። ከዚያ በኋላ 230 ዓመት አለፈ፤ ያልተጠየቀው ጥያቄ ዛሬም በኮንግረሱ ደጅ ቆሟል። እናንተም ነገ በሰፈር እድርም ሆነ በአገር ሸንጎ ለስምምነት ስትቀመጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዙሪያውን ተመልከቱ። ስለ እርሱ እየተወሰነ እርሱ ግን ያልተጠራ ሰው ካለ፣ ስምምነቱ ገና አላለቀም።